ከዜሮ እንጀምር

«ያዘመመ ቤት ቀለም ቢቀቡት አይቃናም። አፍርሰን በአዲስ እንሥራው» አልኩ።

ቤት ያልኩት የክሊኒኩን የቀጠሮ ዌብሳይት ነው። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻውን ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራው። እኔ ደግሞ ቋንቋው ይቀየር፣ በፓይተን ከዜሮ እንጀምር ባይ ነኝ። ፓይተን የማውቀው ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ነው፣ እሱንም ግማሹን። አፌ ግን ፕሮፌሰር ነው።

አለቃችን እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች ትሰማኛለች። አሮጌው ይንቀራፈፋል አልኳት። የዘንድሮ ልጅ በዚህ ቋንቋ አይጽፍም፣ ነገ ሠራተኛ ቢፈለግ አይገኝም አልኳት። ሐሰት አይደለም እኮ። ውሸት የሚጣፍጠው እውነት ጣል ሲደረግበት ነው።

ጋሼ የቢሮውን ስልክ በመዳፉ ከድኖ ተቀምጧል። በሽተኞቹ ለምንልከው መልእክት መልስ ከሰጡ የሚገባው እዚያ ስልክ ላይ ነው።

የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ከቀጠሮ ለቀረ ሰው የሚላከውን መልእክት ስሞክር፣ ጓደኛዬን ልቀልድበት ብዬ ቃሉን «ጠፋህሳ፣ ሞትክ እንዴ?» ብዬ ቀይሬ ላኩለት። መልእክቱን እንደነበረ ሳልመልሰው ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ያው ቃል ለአንድ እውነተኛ በሽተኛ ሄደ። እንዳየሁ አጠፋሁት፤ ግን ማን ምን እንደጻፈ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ከነቅጽል ስሜ፣ «ፌንጣ» ተብሎ። በአዲስ ከተጀመረ መዝገቡም አዲስ ይሆናል። ተንኮሌ ይቺው ናት።

አለቃችን አሳመንከኝ አለች። ጋሼን አዲሱን ቋንቋ ትችለዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልችልም አላት። እንግዲያው እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራህን ለፌንጣ አስረክብ አለችና ለክሊኒኩ ባለቤት ልትነግር ወጣች።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አሥረኛ ክፍል ወድቄ ስንከራተት ወንበር ስቦ አጠገቡ ያስቀመጠኝ ጋሼ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር ያጻፈኝም በዚሁ አሁን ሳብጠለጥለው በነበረው ቋንቋ ነው። አንድ መስመሬን ልቀብር ለሰውየው ዘጠኝ ዓመት ጉድጓድ ቆፈርኩ።

ጋሼ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። መስመሯ ከነስሜ ቁጭ ብላለች። እስከ ጆሮዬ ጋልኩ።

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?» አልኩት።

«ራስህ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር» አለኝ።

«ቀልድ እኮ ነው ጋሼ። ለጓደኛዬ ነበር። ሰውየውም ስቆ ይሆናላ።»

ስናገረው ለራሴም አፌን መረረኝ።

መዳፉን ከስልኩ ላይ አነሳ።

«ሚስቱ ናት የመለሰችው» አለ። «‹አዎ› ብላ።»