ለቅሶ በሹክሹክታ

«የእማዬን አፍ ላፍን ነው የምትለኝ?» አለች ስንዱ በሹክሹክታ።

«እስከ ሠልስት ብቻ» አላት ወንድሟ ደምስ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ወደተተከለው የፀጥታ ጆሮ እያየ። «እሱ እንደሆነ ጩኸት እንጂ ሐዘን አይለይም። እትዬ ብርቄን ‹ለደኅንነትዎ› ብለው ከወሰዷት ወዲህ ያያት አለ?»

«ታዲያ ዛሬ ለቀበረችው ባሏ አታልቅስለት?»

«አባታችንን ቀበርን። እሷንም ደግሞ እንጣት?»

ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን ነክሶ ተቀምጧል። እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ግን ምስማር ላይ የተሰቀለውን የባላቸውን ጋቢ ሲያዩ «ወየው ጌታዬ!» ብለው አንዴ ጮኹ።

ጆሮው ቀላ። ወዲያው ሁለት ትሑት ወጣቶች ገብተው ክንዳቸውን ደግፈው ይዘዋቸው ወጡ። ስንዱ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የንፍሮውን ሳህን አንስታ ለጎረቤቷ አቀበለች።

«ጨው አንሶታል» አለች ጎረቤትየዋ በዝግታ።