እንደ አዲስ ለማየት

አንድን የቆየ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ እንደ አዲስ ለማየት ትዝታውን ከአእምሮ ማስፋቅ በተለመደበት ዘመን፣ ዮናታንም የሚወደውን ፊልም ትዝታ አስፍቆ መጣና ከሚስቱ ከሶስና ጎን ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የተዋወቁት የአኒሜ ወዳጆች ስብሰባ ላይ፣ በዚሁ ፊልም ሲሟገቱ ነበር። እሱ የፊልሙ አብራሪ ሚዶሪ የአውሮፕላኑን በር መክፈት አልነበረባትም ባይ ነው፤ ሶስና ደግሞ፣ «ታዲያ ልጆቹን ውጭ ትታቸው ትብረር?» ትለው ነበር። ከተጋቡም በኋላ ሙግቱ አልበረደም።

ፊልሙ ሲያልቅ ዮናታን ዓይኑን ጠረገ።

«መክፈቷ ልክ ነው» አለ።

ሶስና ይህን ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃለች። ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አልጣማት፤ የረታችው ሌላ ሰው መሰላት።

ልጃቸው ከጓዳ መጥታ ጭኑ ላይ ወጣች። ይህ ፊልም ባለቀ ቁጥር ልማዷ ነው።

«አባዬ፣ ስሜን እንዴት እንዳወጣህልኝ ንገረኝ።»

ሶስና ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እናቱ «ይሄ ደግሞ የምን ስም ነው?» ብለው ሲያኮርፉ፣ እሱ «ልጄ ሚዶሪ ናት» ብሎ ድርቅ ያለበትን ቀን።

ዮናታን ልጅቷን አቅፎ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወደ ሶስና ዞረ።

«የስማቸው ግጥምጥሞሽ ገርሞኝ ነበር» አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያወጣሽላት?»