ሳቋ የጠፋው ሥዕል

አዲሱ ቀለም ከመጣ ወዲህ ሥዕል ሠዓሊው እንደተወው አይቆይም፤ ብዙ ተመልካች በልቡ ያሰበውን እየመሰለ ይለወጣል።

እኔ እናቴን የሣልኳት ስትስቅ ነው። የአረፋ ለት በጉ አባቴን ጭቃ ለጭቃ ሲጎትተው አይታ፣ ጥቁር ሒጃቧን በእጇ ይዛ በሳቅ ፍርስ ስትል።

ሥዕሉ አዲስ አበባ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ሰነበተ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እንዲያውም ተመልካቾቹ እጄን እየያዙ "አይዞሽ" ይሉኝ ነበር። ይዤው ደሴ ስመለስ ግን በሥዕሉ ላይ የእናቴ አፍ ተከድኗል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከኋላዋም እኔ ያልሣልኩት የብረት ፍርግርግ በቅሏል።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች አየችው።

"ረይሐና፣ ማን ሞቶብኝ ነው?"

"ማንም አልሞተብሽም፣ እማዬ። ሒጃብሽን አይተው አዝነውልሽ ነው።"

ቢላዋዋን አስቀምጣ የዚያን የአረፋ ለት የነበሩትን ጎረቤቶች ሁሉ ጠራች። ሥዕሉ ፊት ተኮልኩለው የበጉን ነገር እያነሱ ሲስቁ ዋሉ፤ አባቴ ብቻ "ኧረ ይብቃችሁ!" እያለ ይቆጣል። ወደ መግሪብ ግድም በሥዕሉ ላይ ከንፈሯ ተላቀቀና የፊት ጥርሷ ብቅ አለ።

በማግስቱ ከኤግዚቢሽኑ ደውለው ሥዕሉን መልሺልን አሉኝ። እናቴ ስልኩን ቀማችኝ።

"ሴትየዋ የትም አትሄድም። ማየት የፈለገ ደሴ ይምጣ፤ መጀመሪያ ግን የበጉን ጉድ ይስማ።"