አምስተኛዋ ቸርኬ

የመጨረሻዋን ጎማ ከቸርኬዋ ላይ ለመፈልቀቅ ሁለቱን የጎማ መፍቻ ብረት አስገብቼ በጉልበቴ ተጭኛታለሁ። ገዢው ከአጠገቤ ቁጢጥ ብሏል።

“ቀስ፣ እማማ፣ ቀስ!” ይለኛል፤ የራሱ ጥርስ የሚነቀል ይመስል ፊቱን አጨማዶ።

“ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ነው የምፈታው።”

ካፒቴኑ በሩ ጋ ወንበር ላይ ከዘራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ድሮ አውሮፕላን ያበሩ ነበር፤ አሁን ሐኪሙ መኪና እንኳ ከልክሏቸዋል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን ክፍት መኪናቸውን የሚሸጧት ለዚህ ነው። ገዢው ደህና ዋጋ ሰጥቷል፤ ግን አምስቱም ቸርኬዎች ከፋብሪካ አብረዋት የወጡ መሆናቸውን እኔ አይቼ በወረቀት ካረጋገጥኩለት ብቻ። በድሮ ቸርኬ ነገር እዚህ አገር እኔ ካልኩ አለቀ። ስሜም “እማማ ቸርኬ” ሆኖ ቀርቷል።

አራቱ አልፈዋል። እምብርታቸው ላይ የተመታው ወርና ዓመት ከመኪናዋ ዕድሜ ጋር ይገጥማል፤ የእያንዳንዳቸው ሰባ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችም ንክች አላሉም። አንዷማ መለዋወጫ ሆና መሬት ሳትነካ የኖረች ናት፤ የመጀመሪያ ጎማዋን እንደለበሰች። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ መንገድ ላይ ቢወጣ ይፈነዳል። ነገር ግን ከፋብሪካው ቅርጽ ሲወጣ ጎኑ ላይ የቀሩት እንደ ጸጉር የቀጠኑ የላስቲክ ክሮች እንኳ አልረገፉም። ለነጂ ጥራጊ፣ ለሰብሳቢ ወርቅ። ገዢው ሲያያት እንደ አራስ ልጅ ነው ያቀፋት።

አምስተኛዋም ማኅተሟ ይገጥማል። ጎማው ተላቀቀልኝ። የውስጡን ጎማ አውጥቼ የዘንጎቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ላስቲክ እገፋለሁ። እጄ ቀጥ ይላል።

የሰባት ዘንጎች ጫፍ በሞረድ ተበልቷል። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው፤ ግራኝ ሰው ሲሞርድ እንደሚያጋድለው።

በዚህ ግቢ፣ በአባቴ ጋራዥ፣ ግራኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካፒቴኑ፣ ያኔ ጸጉራቸውን በቅባት የሚያስተኙ ጎረምሳ፣ ይህችን ቸርኬ ከድንጋይ ጋር አላትመው እንደ ድስት ክዳን ጎባጣ አድርገው አመጧት። አባቴ እምብርቷን ብቻ አስቀረና “እንቺ፣ ሥሪ” አለኝ። ዙሪያ ብረቱን ከአንዱ አሮጌ ቸርኬ፣ ዘንጎቹን ከሌላው ለቃቅሜ ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። የረዘሙብኝን ሰባቱን ቆርጬ ሞረድኳቸው። ስጨርስ አባቴ አገላብጦ አያትና ግድግዳው ላይ አስደገፋት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የለችም።

“አፍርሼ በወጉ ሠራኋትና ባለቤቷ ወሰዳት” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። አንድም ቀን “ጎበዝ” ሳይለኝ አረፈ።

“እማማ፣ ምነው? ችግር አለ?” ይላል ገዢው።

ላስቲኩን መልሼ ባለብሰው ማን ያውቃል? ካፒቴኑም ሙሉ ዋጋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ወረቀቱን አየዋለሁ። ከታች የሚሰፍረው ስሜ ነው።

“ይህቺ ኦሪጅናል አይደለችም።”

“ማኅተሙ ይገጥማል አላሉም እንዴ?”

“የሚገጥመው እምብርቷ ነው። የቀረው እዚሁ ግቢ የተሠራ ነው።”

“እንዴት አወቁ?”

“የሠራኋት እኔ ነኛ!”

ገዢው ከተቀመጠበት ይነሳና ጉልበቱን ያራግፋል። “እንግዲህ ካፒቴን፣ ዋጋው ላይ መነጋገራችን ነው። አምስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላ ነበር።”

“ቀንሳ!” ይላሉ ካፒቴኑ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ። “አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሽም እንዴ?”

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ፊት ግን ልጅ ነኝ። “አባቴ ‘አፍርሼ ሠራኋት’ ነው ያለኝ” እላለሁ።

“ሊያፈርሳት? ልወስዳት የመጣሁ ዕለት እኔን እንኳ መሪ አላስጨበጠኝም። ‘የልጄ ሥራ ናት፣ ቀድሜ እኔ ነኝ የምሞክራት’ ብሎ ከፊት ገጠማት። ከዚያ እናትሽን ከጓዳ ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጠና ይህን ቁልቁለት ተያያዘው። እኔ እዚህ ቆሜ ስለ መኪናዬ እጸልያለሁ።”

“እናቴን?”

“እናትሽን! መኪናዋ ክንፍ ብቻ ነው የቀራት፤ በረረች። ሲመለስ እየሳቀ ነበር።”

“ማን? አባቴ?”

“አባትሽ! ጥርሱ ስንት እንደሆነ ያን ዕለት ነው የቆጠርኩት።” ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጋሉ። “ ‘እሷ እንዳትሰማ፣ ከኮራች እጇ ይበላሻል’ አለኝ። እኔም አደራውን ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ በኋላ ረሳሁት።”

ገዢው አዲሱን ዋጋ ስልኩ ላይ ይደምራል። ከአምስተኛዋ ቸርኬ አንጻር “እዚሁ የተሠራች” ብዬ እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ። ካፒቴኑ አንድ ነገር ይሉኛል፣ አልሰማቸውም።

ዓይኔ ከበሩ ባሻገር መንገዱ ላይ ነው። የእናቴን ጸጉር ነፋስ በትኖታል፤ አንድ እጇ የአባቴን ትከሻ ጨምድዶ ይዟል። አባቴ ግራሶ የነካው ቆቡ እንዳይወድቅበት በመዳፉ ተጭኖ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ፣ ዳገቱን ይወጣል።