ስም የማይጠራበት ጉድጓድ

የድሮኔ ሦስቱ ሞተሮች ይዞራሉ። አራተኛው ግን ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል።

«እንደገና ሞክሪው» ይላል አባቴ።

«አሁን ሞከርኩት እኮ፣ አባዬ!»

መጮኼን አልወደድኩትም። ወንድሜ ሂላል ከእግራችን በታች ነው፣ ፈለጁ ውስጥ፣ ለመንደሩ ውሃ በሚያመጣው የመሬት ውስጥ ዋሻ። ጠዋት የውሃውን ቦይ ደለል ሊጠርግ በታችኛው አፍ ገባ፤ ከኋላው አፈሩ ተናደና መውጫውን ዘጋው። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ እዚያ ታች እየቆፈሩ ነው። እኛ ሦስታችን ደግሞ እላይ፣ ከአየር ጉድጓዶቹ በአንዱ አፍ ላይ ነን። ገመድ አለን። ቀጭን ሰው በዚህ ይወጣል፤ ግን ሂላል የት እንዳለ አናውቅም።

የአጎቴ ልጅ ዛህራን ልውረድ ብሎ ትከሻው አላልፍ ብሎት ተቀረቀረ። እኔ ልውረድ ስል አባቴ «አንቺንም ልቅበር?» ብሎ አፈጠጠብኝ። የቀረችን ድሮኔ ናት፤ መዳፍ የምታክል፣ መብራትና ካሜራ ያላት፣ አመሻሽ ላይ በተምር ዛፎቹ መሃል የምጫወትባት። ዛሬን መርጣ ታመመች።

«ሞተሩ ተቃጥሏል፣ በቃ» ይላል ዛህራን።

«ሞተሩ ይሁን ቦርዱ በምን አወቅክ? አንተ ደግሞ!»

የሁለቱን ሞተሮች ሶኬት ነቅዬ አቀያይሬ ሰካሁ። ጤነኛው የበሽተኛው ቦታ ሲሄድ እሱም ተንቀጠቀጠ፤ በሽተኛ የተባለው አዲሱ ቦታው ላይ እንደ ጉድ ዞረ። ሞተሩ ደህና ነው ማለት ነው። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ቦርዱን አየሁት። ሶኬቱን ከያዙት ሦስት ብየዳዎች ሁለቱ ያብለጨልጫሉ፤ አንዱ ግን አመድ መስሎ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ይነቃነቃል።

መበየጃዬን ከአባቴ መኪና ባትሪ ጋር አገናኘነው። ነፋሱ ግን የመበየጃው ሊድ ሳይቀልጥ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል።

«ና፣ እዚህ ቁምልኝ» አልኩት ዛህራንን። «ይሄ ስፋትህ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።»

«ስትወጂ ነው የምትሳደቢው» አለና በነፋሱ በኩል ተንበረከከ። አልሳቀም። እየበየድኩ ሳለ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ። «ሂላ…»

አባቴ ማጅራቱን ይዞ ወደኋላ ጎተተው። «ስም አይጠራም! አብደሃል እንዴ?»

ፈለጅ ውስጥ ስም አይጠራም። ልጅ ሆነን ነው የተነገረን፤ የጠራኸውን ስም ሌላም ይሰማዋል። ስስቅበት ነው የኖርኩት። ጠርቼ ግን አላውቅም።

የብየዳ ቅባት ቀባሁና ብረቱን አሳርፌ ጠበቅኩ። ሊዱ ድንገት ፈሰሰ፤ ሲረጋ አብለጨለጨ። ባትሪዋን ሰካሁ። አራቱም ዞሩ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ አባቴ፣ ልጁ የወጣ ይመስል።

ቁልቁል ለቀቅኳት። በመቆጣጠሪያዬ ትንሽ ስክሪን ላይ ጥቁር ውሃ፣ የዶማ ምልክት ያለበት ግድግዳ፣ ደግሞ ውሃ። ድምፅ የላትም፤ ምስል ብቻ ናት። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ እንዳለች ነጭ ነገር አየሁ። የሂላል ልብስ ነው። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

«አለ! አባዬ፣ በሕይወት አለ!»

አባቴ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ዛህራን ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«ጆሮውን ለምንድን ነው የደፈነው?»

እውነትም በሁለት እጁ ጆሮውን ጭምቅ አድርጎ ይዟል። ከዛህራን ግማሽ ቃል ሌላ ማንም አልጠራውም።

ያኔ ከጉድጓዱ ውስጥ ሰማነው።

«ሂላል!»

የአባቴ ድምፅ ነው። ያ ሻካራው፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮውን የሚጠርገው። ዞር ብዬ አየሁት። አጠገቤ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ግጥም ብሎ። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም።

«ና የኔ ልጅ» አለ ድምፁ፣ አሁን ከፈለጁ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከጨለማው ውስጥ። «በዚህ በኩል ነኝ። ና።»

ስክሪኑ ላይ ሂላል እጆቹን ከጆሮው አነሳ። ቆመ። ለመብራቴ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጨለማው ተራመደ።

አባቴ ሊጣራ አፉን ከፈተ።

«ተው አባዬ! ብትጠራው የትኛው አንተ እንደሆንክ በምን ያውቃል?»

አየኝ። ከዚያ የጥምጣሙን ጫፍ ጎትቶ አፉ ውስጥ ከተተና ነከሰው።

ድሮኗን በሂላል ትከሻ ላይ አሳልፌ ፊቱ ላይ አቆምኳት። አፍንጫዋን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አደረግሁ፤ እንቢ፣ አትሂድ። በእጁ ሊመታት ሰነዘረ፤ ሸሸሁ፤ ተመለስኩ። ያ ሞተር ቢንቀጠቀጥ አለቀልን። አልተንቀጠቀጠም። ሂላል መብራቷን ትኩር ብሎ አየ። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ «ዙወይና?» ብሎ ስሜን የጠራኝ መሰለኝ። በአላህ ስም ተከተለኝ እያልኩ በልቤ፣ ፍየል በቅጠል እንደሚያባብል ሰው ትንሽ ሸሸት፣ ትንሽ ቆም አደረግኳት።

ተከተለኝ።

ጉድጓዱ ስር ሲደርስ ዛህራን ገመዱን ወደ ታች ለቀቀ። በስክሪኑ ላይ የወንድሜ እጅ ሲይዘው፣ በክንዱ ስር ሲያዞረው አየሁ። መቆጣጠሪያውን ወረወርኩት፤ ድሮኗ ውሃው ውስጥ ስትወድቅ ስክሪኑ ጠፋ። ሦስታችንም ገመዱን ይዘን፣ አንድም ቃል ሳንተነፍስ ጎተትን።

ሂላል ወደ እኛ ሲቃረብ ከታች የአባቴ ድምፅ ማልቀስ ጀመረ።