ጎራዴው የሚደርስበት

የእህቴ ባል ጌም ስንጫወት ሁልጊዜ የሚመርጠው ያንን ጎራዴኛ ነው። ያናድደኛል። ጎራዴው ረጅም ስለሆነ የትም ብትሸሽ ይደርስብሃል፤ አንዴ ካገኘህ ደግሞ አለቀልህ። ድክመቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰነዘረ በኋላ ጎራዴውን መልሶ ለማንሳት ይንቀራፈፋል። እኔም የመጀመሪያውን ምት ዘልዬ አመልጥና ገና ሲያነሳ ገብቼ እደበድበዋለሁ።

ዛሬም ደጋግሜ ዘረርኩት።

«አንተም ጎራዴኛህም ፈዛዛ ናችሁ!» አልኩት። «ለእህቴ ብዬ ነው እንጂ ካንተ ጋር መጫወት ጊዜ ማቃጠል ነው።»

«እኔን ስደበኝ» አለ ፊቱን አጥቁሮ። «እሱን ግን ተው። ይሰማል።»

ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ እጁን አጣጠፈ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ጎራዴኛ ግን አላቆመም። እኔ የምጫወትበትን ተፋላሚ ትቶ ፊቱን ወደ ሶፋው፣ ወደ እኔ አዞረ።

«ተው፣ አትነካካው!» አልኩት።

«ማን ነካው?»

እኔው ጨዋታውን አቆምኩት። የኔ ተፋላሚ ባለበት ደርቆ ቀረ። ጎራዴኛው ግን ሰነዘረ። ጆሮዬ ስር የሆነ ነገር ሽው ብሎ አለፈ።

እህቴ ሻይ ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ወንድሜ፣ ሸሚዝህን ምን ነካው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራ እጅጌዬ ከትከሻዬ እስከ ክርኔ በምላጭ እንደተሰነጠቀ ተከፍቷል። ከኋላዬ ያለው የሶፋው መደገፊያም እንደዚያው ነው።

የእህቴ ባል ቀስ ብሎ ካጠገቤ ተነስቶ ራቀ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጎራዴው እየተንቀራፈፈ እንደገና መነሳት ጀምሯል።