ሚናስ ሽንኩርት የላጠበት ቀን

ሚናስ በፊልሞቹ የሰበረው ጠረጴዛ ቢሰበሰብ ከፒያሳ እስከ አፍንጮ በር የሰርግ ድግስ ይዘረጋበት ነበር። በመጨረሻው ፊልሙ ብቻ ስልሳ ሰው ከፎቅ ወርውሯል። ፎቁ ስልሳ ሰው አይችልም የሚል ካለ ሄዶ ራሱን ሚናስን ይጠይቀው። ሲያስነጥስ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቆርቆሮ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሰው አንድ አዛውንት ፈራ።

አዛውንቱ አቶ ለተኪዳን ናቸው፤ የሜላት አባት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ሚናስ ሜላትን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ የግቢውን በር እንኳ ሳያልፉ ተመለሱ።

«ሰው ከፎቅ ለሚወረውር ልጄን አልሰጥም» አሉ አቶ ለተኪዳን። «ቤቴ ፎቅ ባይኖረውም።»

ሚናስ ከሳ። እህል እምቢ አለው። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶው ጨው ጨው እስኪል ድረስ ያለቅስበት ጀመር። ይህን ያየችው ሜላት አላስችላት ብሎ የማነ የሚባል የፊልም አዘጋጅ አመጣችለት። የማነ መላ አያጣም።

«የቤተሰብ ኮሜዲ ልንሠራ ነው ብለን ቤታቸውን እንጠይቃቸው» አለ። «አንተ አማች ለመሆን የምትለምን ጉልቤ ትሆናለህ፤ አባትየውን ራሳቸው ይጫወቱ። ሽማግሌዎቹ ግን እውነተኛ ይሁኑ። በሽማግሌና በቄስ ፊት ‹ሰጥተናል› ካሉ አለቀ፤ ቃል አይታጠፍም።»

«ካሜራውስ?»

«ባዶ ነው። ለማስመሰል ቀይ መብራቷን አበራታለሁ።»

አቶ ለተኪዳን ጥያቄውን ሲሰሙ ለአፍታም አላንገራገሩም። በቀጠሮው ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው ጠበቁ። ሚናስ ወጥመዱ እንዲይዝለት ስለት ተሳለ።

የሚናስ አጎት አቶ ተስፋሁን፣ መምሬ እምሩ እና አንድ ጎረቤት ሚናስን አስከትለው ገቡ። እንደ ወጉ፣ ጉዳያቸው እሺ ሳይባል ላይቀመጡ ቆሙ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ አቶ ተስፋሁን።

«አልሰጥም!»

«ጋሼ» አለ የማነ በለሆሳስ፣ «እዚህ ጋ እኮ ‹ሰጥተናል› ነው የሚሉት።»

«ምን አይቼ ልስጥ? በሉ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። አቶ ተስፋሁን፣ ልጁን ከለሉት፤ ትንሽ ወደ ግራ።»

ወጥተው ገቡ። አልሰጥም ተባሉ። ደግሞ ወጡ፣ ደግሞ ገቡ። የአቶ ተስፋሁን ጉልበት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገብ ጀመር።

«አንተ ልጅ» አሉት ሚናስን በጆሮው፣ «ሚስት ልታገባ ነው ወይስ እኔን ልትቀብር?»

«ኮሜዲ ነው አላላችሁም?» አሉ አቶ ለተኪዳን። «እስካሁን ማን ሳቀ? ለዚህ ጀግና ሽርጥና ሽንኩርት አምጡለት!»

ሚናስ ሽርጥ ታጥቆ ይልጥ ጀመር። ግማሽ ኩንታል ቢሆን ነው፤ ሚናስን ብትጠይቁት ግን ኩንታል ሙሉ ነው። የጎረቤት ሕፃንም በአንቀልባ አሳዘሉት። ሕፃኑ ጥቂት አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። የሚናስም ጀርባ ረጥቦ ሞቀ።

«ወደ መስኮቱ ዞረህ አልቅስ» አሉት አቶ ለተኪዳን። «ያለህበት ጨለማ ነው።»

ዞሮ አለቀሰ። በጓዳው በር በኩል ሜላትን አያት፤ አፏን በነጠላዋ አፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እሷም በኔ መከራ ታለቅሳለች ብሎ ይበልጥ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ በሩ ዞር ዞር ማለት ጀምረዋል። ዛሬ ከወጡ ሌላ ቀን የለም።

ስልሳ ሰው የወረወረው ጉልበት ታጠፈ። ሚናስ ሕፃኑን እንዳዘለ አቶ ለተኪዳን እግር ሥር ተደፋ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ ይቅር! እኔ ዝንብ ገድዬ አላውቅም። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ቀድመው የተሰነጠቁ ነበሩ። ከፎቅ የወረወርኳቸውም ፍራሽ ላይ ነው የወደቁት። ሜላትን ካጣሁ ግን የምወረወረው እኔ ነኝ፤ ለኔ ፍራሽ ያነጠፈልኝ የለም።»

አቶ ለተኪዳን ጎንበስ ብለው ክንዱን ያዙት።

«ተነሥ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሰጥተናል።»

«እግዚአብሔር ያጽናው! ቃል ወጥቷል፤ የሚመልሰው የለም» ብለው መምሬ እምሩ መስቀላቸውን አወጡ። ሽማግሌዎቹ ተንደርድረው ወንበር ላይ ወደቁ። ከጓዳ የወጣው እልልታ እንጦጦ ድረስ ተሰማ። ሚናስ የሽንኩርትና የደስታ እንባውን በሽርጡ እየጠረገ፣ በሕይወቴ ሰው እንዲህ አድርጌ አታልዬ አላውቅም ሲል በልቡ ፎከረ።

አቶ ለተኪዳን ከረባታቸውን አስተካክለው ወደ የማነ ዞሩና፣ «ካት!» አሉ። «ድምፁስ ገብቷል?»

«ሁሉም ካሜራው ውስጥ ገብቷል፣ ጋሼ» አለ የማነ፤ «ልክ አስቀድመው እንዳዘዙኝ።»